በፈጣን መንገድዎ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስለተጫወተችው ልጄ

ለክቡር የፈጣን መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጃካርታ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሪስማ ዊዳያቲ፣ ኢድ ሦስት ቀን ሲቀረው ከባለቤቴ ከጋሊህ፣ ከስድስት ዓመቷ ላራስና ከአራት ዓመቱ ዳማር ጋር ወደ ተጋል ስጓዝ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በመንገድዎ ላይ ቆሜ የዋልኩ እንግዳዎ ነኝ። በመግቢያው በር ሠራተኛዎ ስላደሉን «ልጆች የማይሰለቹበት ጉዞ» የሚል ባለቀለም ወረቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምክሮቹን ስለፈጸምኩ ውጤቱን ላሳውቅዎ ግድ ይለኛል።

፩. «መኪኖችን በቀለማቸው ያስቆጥሯቸው።» ዳማር በግራችን አንድ ቀይ መኪና ቆጠረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ «እማ፣ ያው ቀዩ ነው እኮ! ሌላ አምጪልኝ» አለኝ። ሌላ የማምጣቱ ሥልጣን የእርስዎ መሆኑን ነገርኩት።

፪. «በየማረፊያው ያሳርፏቸው።» ሦስቱም ማረፊያዎች በገመድ ተዘግተው ነበር። ገመዱ አዲስና ጠንካራ መሆኑን ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

፫. «መኪናው ፈጽሞ ሲቆም ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ።» ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ላራስ ወርዳ ከመኪናችን ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሠራች። እኔ በበሩ በኩል ሆኜ ዐይኔን ሳልነቅል አያት ነበር፤ ዳማር ድንገት አስታወከና እሱን ለመጥረግ ዞር አልኩ። በዚያች ቅጽበት የላራስ ጠጠር ተንከባሎ ወደ ጎረቤት መስመር ገባ፤ እሷም ተከትላው ሄደች። በዚያችው ቅጽበት እርስዎም፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ መንገዱን ከፈቱልን።

ፊሽካ ተነፋ፤ ዘጠኝ ሰዓት የታገተ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ቀና ስል ልጄ የለችም። ጋሊህ «ላራስስ? ሪስማ፣ ላራስ የት አለች?» ሲል እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ በሚንቀሳቀሱ ጎማዎች መካከል የልጄን ጫማ እፈልግ ነበር።

ከኋላችን ፍራሽ የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ በአክብሮት ፓክ ዋርሲቶ የሚባል ሰው ነበር። ከከፍታው ሆኖ አይቷት ኖሯል፤ መኪናውን አሽከርክሮ ሁለቱን መስመር በአግድም ዘጋቸው። ጥሩምባው ሰማይ ነካ። «ምን ሆንክ አንተ፣ ጾም አናትህ ላይ ወጣ እንዴ? ውጣ ከመንገድ!» ብለው ከኋላው ያሉ ሾፌሮች ጮኹበት።

«ሕፃን አለች! ብትደበድቡኝም አልነቃነቅም!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ በግንቡ በኩል! በግንቡ በኩል እዪ!» አለኝ።

ላራስ መሄጃውንና መመለሻውን መንገድ ከሚለየው ግንብ ላይ ተለጥፋ፣ ጠጠሯን ጨብጣ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። እስከ ተጋል ድረስም አንድ ቃል አልወጣትም።

፬. ተቆጣጣሪዎ የደረሱት ልጄን ካቀፍኩ በኋላ ነው። ለትጋታቸው አመሰግናለሁ፤ «የትራፊክ ፍሰት አስተጓጉለሃል» ብለው የፓክ ዋርሲቶን መንጃ ፈቃድ ወሰዱ። ለመለመን አፌን ስከፍት «እመቤቴ፣ መኪናዎ ውስጥ ይግቡ፤ መንገዱ ተከፍቷል» አሉኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በማይጎረብጥ ወንበርዎ ላይ ሆነው አንዲት ፊርማ እንዲያኖሩና ፈቃዱ ለባለቤቱ እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ልጄን ካልገጯት መኪኖች ሁሉ ጋር ስለ መልካም አስተዳደርዎ ዕድሜና ጤና የምትለምን፣

አክባሪዎ ሪስማ ዊዳያቲ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፓክ ዋርሲቶ ፈቃድ ስለሌለው ኢድን እናቱ ቤት ሳይሆን መንገድዎ ዳር፣ ፍራሾቹን ሲጠብቅ አሳለፈ። ቁጥሩን ተቀብዬው ነበርና ስደውልለት ስለ ፈቃዱ አላነሣም፤ «ልጅቷ መናገር ጀመረች?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ግን ይህን የጠየቀኝ እስካሁን የለም።