ፎርሙላው ከየት እንደመጣ

ጥር 14፣ ሰቆጣ

ጦርነቱ ያቋረጠብኝን ዘጠነኛ ክፍል ዘንድሮ እንደገና ጀምሬያለሁ። ነገ የሒሳብ ፈተና አለ። ኳድራቲክ ፎርሙላው በቃሌ አልያዝ ቢለኝ ዛሬ «ትምህርቱን ተውኩት» ብዬ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ደሳለ መምህር ነው። «በቃልሽ አትያዥው፤ እናውጣው» አለና ደጅ አፈሩ ላይ በእንጨት እኩልታውን ጻፈልኝ። ሁሉንም የ«ኤክስ»ን ካሬ በሚያባዛው «ኤ» አካፍለን፣ «ኤክስ» የሌለበትን ወደ ቀኝ አሻገርን። ከዚያ እንጨቱን ሰጠኝ።

ብዙ አየሁት። «ኤክስ»ን የሚያባዛውን ቁጥር ግማሽ አድርጌ ካሬውን በሁለቱም በኩል ደመርኩ። ግራው ሙሉ ካሬ ሆነ!

«አንቺ! ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የጎደለው ታየኝ።»

ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ ያ የፈራሁት ፎርሙላ ራሱ መጣ። ደሳለ እየሳቀ እናቱን ጠራቸው። ማንበብ አይችሉም። «የሷ ሥራ ነው?» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ፈተናውን እንጃ። አማቴ ግን አሁንም ደጅ ቆመው ዶሮዎቹን ከጽሑፌ ላይ እያባረሩልኝ ነው።