በግድግዳው ውስጥ ለምታንኳኳው

ጌታሁንዬ፣ የቤቴ ራስ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው በረዶ ወረደ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ዕረፍት ነው ይሉኛል። እኔ ግን ዕረፍት የለኝምና ወሬውን በቀጥታ ልንገርህ፤ ቤታችንን ሊያፈርሱት ነው።

አትደንግጥ፣ ሕንፃው ይቆማል። ስታምቢቴ የሚሉት የቧንቧ ቅየራ እዚህ ኖርስቦሪ ሰፈራችንም ደርሶ ነው፤ ያረጀውን ቧንቧ በሙሉ ከግድግዳው ነቅለው አዲስ ያስገባሉ። መታጠቢያ ቤቱ ይፈርሳል፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ይቦረቦራል፣ እስኪያልቅ ድረስ ነዋሪው ሌላ ቤት ይገባል። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን በካርቶን ሲያሽግ እኔ ብቻ እምቢ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጃችን ዮናስ ኡፕላንድስ ቬስቢ እሱ ዘንድ ጠቅልዬ እንድገባ ቢለምነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምክንያቱ አንተ ነበርክ።

ከቀብርህ በኋላ፣ አስተዛዛኙ ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤቱ ግድግዳ መንኳኳት ጀመረ። አንተ ለሥራ በምትነሳበት ሰዓት። ኳ፣ ኳ ይልና ዝም ይላል፤ ደግሞ ኳ። ጎረቤት ሙቅ ውሃ ሲከፍት ቧንቧው የሚያሰማው ድምፅ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አመታቱ ያንተ ነው። መጨረሻ ላይ ሳንባህ ደክሞ ድምፅህ ሲጠፋ፣ የሆስፒታሉን አልጋ ብረት በጣትህ እየመታህ ነበር የምትጠራኝ። ያን አመታት እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል?

ዕድሜህን በሙሉ ስታንኳኳ የኖርክ ሰው ነህ። በወጣትነትህ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ፣ ወርቅ በሚወጣበት ጉድጓድ፣ እኔን ብለህ ስቶክሆልም ከመጣህ በኋላ ደግሞ በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ፣ ሥራህ በረጅም ብረት ዓለቱን መታ መታ አድርጎ ማድመጥ ነበር። ጤነኛው ዓለት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ሊወድቅ ያለው ድምፁ ይታፈናል ትለኝ ነበር። ልማድ ሆኖብህ ሐብሐቡንም፣ በሩንም፣ የሰው ቤት ግድግዳም ትመታለህ። እናቴ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ፣ ባልሽ በግድግዳው ውስጥ ማንን ነው የሚፈልገው ብለውኝ ስንስቅ ውለናል።

ስለ ኔቫዳ ስታወራ አይደክምህም ነበር። በዕረፍት ቀንህ እንግዳ ታስጎበኝባት የነበረችውን ያቺን የብር ማዕድን ከተማ የኖርኩባት ያህል አውቃታለሁ። ብር ተገኘ ሲባል ከየአገሩ ሰው ጎረፈ፤ ውሃ በሌለበት ምድር ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ቴአትር ቤት ሳይቀር ተሠራ። ብሩ ሲነጥፍ ደግሞ ሁሉም ጥሏት ሄደ፤ ሳህኑ ከጠረጴዛ ሳይነሳ፣ የልጅ ጫማ ከአልጋ ሥር እንዳለ። አሁን ቅርስ ተብላ ትጠበቃለች፣ ማንም ግን አይኖርባትም። ከእነሱ በፊት አገሩ የነባሮቹ የሾሾኔዎች እንደነበር፣ የጥድ ፍሬ እየለቀሙ የኖሩበትን ጫካ ለማዕድኑ ማገዶ እንደጨረሱባቸው ስትነግረኝ ትቆጣ ነበር። በሰው አገር ታሪክ ምን እንዲህ ያናድድሃል ብዬ እቀልድብሃለሁ። አሁን ሳስበው እኔም ከአንተ በኋላ ያችኑ ከተማ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ጫማህ በሩ ሥር ነው፣ መነጽርህም ከነአቧራው ካስቀመጥክበት አልተነሳም።

ከሁሉ የማይረሳኝ የአንኳኪዎቹ ነገር ነው። ከእንግሊዝ አገር፣ ከኮርንዎል፣ ወደ ኔቫዳ የተሻገሩት ቆፋሪዎች በዓለቱ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ፍጡራን አሉ ብለው ያምኑ ነበር አልከኝ፤ የማይታዩ፣ ብቻ የሚያንኳኩ። ከምሳቸው የመጨረሻዋን ቁራሽ ይተዉላቸዋል። አንተ አታምንም፤ ቁራሹን ግን ትተውላቸው ነበር። እዚህም ዋሻ ውስጥ ከዳቦህ ቁራሽ ሳትተው አትወጣም። ክርስቲያን አይደለህም ወይ ብዬ ስቆጣህ፣ አብረውኝ በልተው ከዚያ ጉድጓድ ያልወጡትን ላስብ ብዬ ነው አልከኝ።

እኔም እንዳንተ ጀመርኩ። ከምበላው የመጨረሻዋን ቁራሽ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር አኖርልሃለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ደነገጡ። ወለተ ማርያም፣ ይህ ለባዕድ መገበር ነው፣ በስሙ ለተራበ ስጪ አሉኝ። እሺ ብዬ ለተራበ ሰጠሁ፤ ቁራሹንም አላቆምኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧውን ሊያይ የመጣው ሰውዬ መደርደሪያውን ገፋ ሲያደርገው የደረቀ ዳቦ ክምር ወጣ። ጨዋ ነው፣ ውጭ ወጥቶ ቀጠሮውን ላስያዘው ለዮናስ ደወለለት። ልጅህ እናቴ ጃጀች ብሎ ሥራውን ጥሎ በባቡር ከተፍ አለ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብሎ ሊፈትነኝ ሲሞክር እሱ የተወለደበትን ቀን ከነሰዓቱ ነገርኩትና አፈረ። ከዚያ እውነቱን አወጣሁት። የሚያንኳኳው አባትህ ነው፣ ቧንቧውን ሲነቅሉት ሁለተኛ ልቀብረው ነው አልኩት። ፊቱ አለቀስኩ። ዮናስን ታውቀዋለህ፣ በአማርኛ ሲጠይቁት በስዊድንኛ ነው የሚመልሰው። ያን ቀን ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ በአማርኛ መለሰልኝ።

«እማ፣ እነዚያ የኔቫዳ ቆፋሪዎች ድምፁን ሲሰሙ አይቀመጡም። አባባ ነግሮኛል። ካንኳኳ፣ ውጡ ማለት ነው። ሊወድቅ ነው ማለት ነው።»

የቁራሹን ነገር ለእኔ፣ የማስጠንቀቂያውን ለልጅህ ከፋፍለህ ነግረህ በመሄድህ ደግ አልሠራህም። ይህን ሁሉ ጊዜ አለሁልሽ የምትለኝ መስሎኝ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ስኖር፣ ለካ አንተ ውጪ እያልከኝ ነው። ወይም ደግሞ ቧንቧ ነው። የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ዛሬ ጠዋት ዕቃዬ ወጣ። ዮናስ ታች መኪናው ውስጥ ሲጠብቀኝ እኔ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለስኩ። የሕንፃው ውሃ ተዘግቷል፣ ግድግዳው ቀዝቅዟል። ጆሮዬን አስጠግቼ ብቆይ ምንም የለም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እኔ ስወጣ አንተ ብትቀርስ? ሥራህ ሌላውን አስጠንቅቆ ማስወጣት ነበር። ለአንኳኪው ግን ማን ያንኳኳለታል?

በጣቴ አንጓ ግድግዳውን መታሁት። እያለቀስኩ፣ ልክ እንደ አንተ አድርጌ መታሁት።

ጌታሁንዬ፣ አልረሳህም። በስምህ ለተራበ እሰጣለሁ፤ ዮናስ ቤት በአማርኛ አነሳሃለሁ፣ በስዊድንኛም ቢመልስልኝ አነሳሃለሁ። አንተን ለማሰብ ግድግዳ አያስፈልገኝም። ነገ ሰዎቹ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ይገባሉ። እኔ ወጥቻለሁ። አንተም ውጣ።