ኮራል በውርጭ አገር

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት

የገንዳው ውሃ ሙቀት 25። የጨው መጠን ደህና። የጎደለውን በተጣራ ውሃ ሞላሁ። ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ እዚህ መስታወቱ ውስጥ ሞቃት ባሕር። ደብተሬ፣ ይህን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩልሽ አላውቅም፣ አሁንም ይገርመኛል። ሐምራዊዋ ኮራል መብራቷ ሲበራ ቀስ እያለች ትከፈታለች። ከየቅርንጫፏ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጣቶች ብቅ ይላሉ። አበባ ትመስላለች፣ እንስሳ ናት፣ የምትሠራው ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር ደ/ብርሃን፣ እኔ ሳሎን ውስጥ። ፋርማሲ አርፍጄ የምገባው በእሷ ምክንያት ነው።

አባዬ “ሙሽራዋ” ይላታል። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ነበር፣ ምጽዋ። እየጠለቀ እነዚህን በቦታቸው ያየ ሰው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ የእሱ ወሬ ነው። ዛሬም ቁርስ ላይ፣ በዚህ ቤት ያየኋት ሙሽራ እሷ ብቻ ናት አለ። እኔን መንካቱ ነው። ሻዬን ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 14፣ ከሰዓት

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ባትሪው ፓምፑን ይችላል፣ ማሞቂያውን አይችልም። ሙቀት 23፣ እየወረደ። ገንዳውን በካርቶን ከበብኩት። ተረኛ ነኝ፣ ፋርማሲውን ዘግቼ መቅረት አልችልም። አባዬ ሂጂ፣ እኔ አለሁላት አለኝ። ፋርማሲ ሆኜ ልቤ ቤት ነው። የመድኃኒት ስም ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ደግነቱ ሳልሰጥ አየሁት።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት

ቤት ስገባ በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ገንዳው ሥር በማንደጃ የተያያዘ ከሰል፣ ፍም። አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ ራሴን አመመኝ ይላል። መጀመሪያ እሱን ጎትቼ አወጣሁ፣ ከዚያ መስኮቱን በረገድኩ። ጮኽኩበት። ልትገድል ነበር እንዴ፣ ራስህን፣ አልኩት። በአባቴ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እሱ ግን የጠየቀኝ ስለ ሙሽራዋ ነው።

ሙሽራዋ ተዘግታለች። ጣቶቿን ሁሉ ሰብስባ፣ ደረቅ እንጨት መስላ።

ሰኢድ ጋ ደወልኩ፤ አ/አ ዓሣና ኮራል የሚሸጠው ወዳጄ ነው፣ እሷንም የገዛሁት ከእሱ። የከሰሉ ጋዝ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያኮመጥጠዋል፣ ወላሂ መስኮቱን እንዳትዘጊ፣ ንጹሕ አየር ስጪው አለ። መስኮቱ ከተከፈተ ደግሞ ብርዱ። እንዲህ ግራ ገብቶኝ ስቆም አባዬ አልጋው ጋ ሄዶ ብርድ ልብሱን፣ ዝተቱን አመጣ። ከመንዝ የመጣ ከባድ የሱፍ ዝተቱን፣ ለማንም የማያውሰውን። በገንዳው ዙሪያ ጠቀለለው፣ ልጅ እንደሚጠቀለል። ከዚያ በጋዝ ምድጃ ውሃ እያሞቅን፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እያሸግን ውሃው ላይ አንሳፈፍን። ሲቀዘቅዝ ይቀይራል። ራሱን እያመመው። እንዴት ያለ ሰው ነው አባቴ።

ታኅሣሥ 15

መብራት መጣ። ሙቀቱ 22 ላይ ቆሞ ነው የጠበቀን። ያለ ዝተቱ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። አባዬ ራስ ምታቱ ተሽሎታል።

ግን ከሥሯ ነጭ ሆናለች። ሥጋዋ እየተላጠ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ፎቶ ለሰኢድ ላክሁ። ነጩ ወደ ላይ ይወጣል፣ አይቆምም፣ ደህና ደህናውን ጫፍ ቁረጪና ሌላ ድንጋይ ላይ ለጥፊው፣ ይተርፋል ኢንሻአላህ አለ።

አልቆርጣትም። ጤነኛ አካል እንዴት ይቆረጣል? ምናልባት ነገ ትከፈታለች።

ታኅሣሥ 16

አልተከፈተችም። አባዬ ምሳ አልበላም።

ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት

ነጩ ወገቧ ደርሷል። ጫፎቿ ግን፣ ደብተሬ፣ ጫፎቿ ዛሬ ጣት አወጡ። ግማሽ አካሏ ሞቶ፣ ከላይ ያንኑ ሐምራዊ ቀለም ይዛ እጇን ትዘረጋለች። አለቀስኩ። ይህቺን የመሰለ ጽናት በሰው ላይም ብዙ አላየሁም።

አባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ገደልኩብሽ አለኝ። አልገደልክም፣ ጫፎቿ የተረፉት በዝተትህ ነው አልኩት። እውነቴን ነው። ከዚያ ምጽዋ የመርከብ መልሕቅ ስለሰበራት ኮራል ነግሮኝ የማያውቀውን አወራ፤ ስብርባሪው በወደቀበት ተጣብቆ፣ ተመልሶ ሲሄድ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ቆሞ እንዳገኘው። አለቀ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን እጠብቃለሁ?

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ተወስኗል። ጫፎቿ ይቆረጣሉ። የሚበዙት እዚሁ ይቀራሉ፣ አንዷ ግን ሰኢድ ገንዳ ትገባለች። የእኛ መብራት ሲጠፋ የእሱ ካልጠፋ፣ ዘሯ አለ ማለት ነው። አባዬ ራሴ አደርሳታለሁ አለ፣ በፔርሙስ፣ ዝተቱ ውስጥ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ። እስከ አ/አ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የሚያስከፍት ሰው ይኖራል፣ አባዬ አይለቀውም፣ እዘኚለት። ከዚህ ቤት ሙሽራ ሳልሸኝ አልሞትኩም ማለት ነው እያለ ካፖርቱን ይቦርሻል። ዛሬ ሳቅኩለት።

መቁረጫውን በአልኮል ጠረግኩ። አባዬ ድንጋዩን ይዞልኛል፣ እጁ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያዋ ጫፍ አሁንም ክፍት ናት፣ እጇን እንደዘረጋች። ደብተሬ፣ እጄ እርጥብ ስለሚሆን ቀሪውን ማታ እጽፍልሻለሁ።