ከባዶ የተጻፈው ፕሮግራም

ጥር 10
ሥራ ፍለጋ ካርቱም ሁለት ሰፈር ወረድኩ። አንዱ ፋርማሲ ውስጥ የኔን ፕሮግራም ከፍተውታል። ሦስት ዓመት አለቃዬ የነበረው ተድላ ቢሮ ተቀምጬ የጻፍኩት... ፋርማሲስቷን ማን ሠራው አልኳት።
"ሙዲሩ ራሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ተድላ።"
ካባረረኝ ገና ወሩ ነው። አስለቅሰዋለሁ።

ጥር 13
ጎረቤቴ ፋሪሃ ጠበቃ ናት። ኮዱ እጄ ላይ አለ፣ በነፃ ልልቀቀውና ገበያው ይድረቅ አልኳት።
"እንዳትሞክሪው። በደሞዝ የጻፍሽው የሱ ነው። መህከማ፣ ፍርድ ቤት ያቆምሻል።"
"ዝም ልበል?"
"ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሥራ ግን ማንም የኔ አይልም። ኮዱን አይቶ የማያውቅ ሰው ከባዶ ይጻፈው።"
ከየት ላምጣው?

የካቲት 2
ኤልያብ ተገኘ። ጀብራ ሰፈር የሚኖር ፕሮግራመር። ምን እንደሚሠራ ብቻ እነግረዋለሁ። እንዴት እንደጻፍኩት ትንፍሽ አልልም። ሲሳሳት እያየሁ ምላሴን እነክሳለሁ...

ሚያዝያ 6
አለቀ። በላይሰንሱ፣ በአጠቃቀም ፈቃዱ ተጨቃጨቅን። ኤልያብ፣ "የፈለገ እንደፈለገ ይውሰደው" ይላል።
"ተድላም?"
ሌላኛውን ፈቃድ መረጥን። ውሰድ፣ ከፈለግህ ሽጠው፤ ከራስህ ፕሮግራም ቀላቅለህ ካከፋፈልክ ግን ያንተንም ኮድ በዚሁ ውል ትከፍታለህ። እሱ ለሰው ብሎ፣ እኔ ለቂም።

ሰኔ 1
ፕሮግራሙን በነፃ ለቀቅነው፤ ፋርማሲዎቹ ወደኛ ዞሩ። ተድላ ኮዴን ሰረቁኝ ብሎ ከሰሰን። ፋሪሃ፣ "ኮዱን ያምጣና ይተያይ" አለች። ፈራሁ... ሳላውቀው ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን?

ሰኔ 12
አመጣ። ጎን ለጎን አየነው። ከሱ የወሰድነው አንድም መስመር የለም። የተድላ ፕሮግራም አዲሱ ሥሪት ላይ ስንደርስ ኤልያብ ቀና አለ።
"ይሄ የኔ ነው።"
ከነፊደል ስህተቱ። ተድላ ከኛ ገልብጧል፤ ላይሰንሱንና የኤልያብን ስም ቆርጦ ጥሎ። ሳቅ አፈነኝ።
"ወይ መሸጡን ያቆማል፣ ወይ ኮዱን ይከፍታል" አለች ፋሪሃ። "ኸላስ፣ አበቃ።"

ሰኔ 15
ተድላ ሳጃና ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ መጣ።
"ሰርኬ፣ የአገር ልጆች አይደለን? በሽማግሌ እንጨርሰው።"
"ሲያባርሩኝ ሽማግሌ ጠርተው ነበር?"
በሩ ላይ ነው ያቆምኩት። ውኃ እንኳ አላቀረብኩለትም።

ሐምሌ 9
ክሱን አነሳ፣ ኮዱን ከፈተ። ሦስት ዓመቴን አሁን ማንም ያነበዋል። እኔም፣ በሕግ። ከሰዓት ደወለ። አንድ ደንበኛው ጋ ሪፖርቱ አልወጣ ብሏል።
"ሰርኬ፣ የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው?"
የቱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።
"ኮዱ ክፍት ነው። አንብበው" አልኩት።
አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ኮዱን ሲያገላብጥ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋሁም። ፍለጋውን ቁጭ ብዬ ሰማሁት።