ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የአቶ ኦቻላ ቻም የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦቻላ ቻም ከአባታቸው ከአቶ ቻም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አቡላ በ1951 ዓ.ም. ገደማ በጊሎ ወንዝ ዳር፣ ከፑኙዶ ብዙ በማይርቅ መንደር ተወለዱ። የዲማ ሰው የሚያውቃቸው ግን አቶ ኦባንግ በሚል ስም ነው። እስከ ትናንት ድረስ ባለቤታቸውም ሌላ ስም እንዳላቸው አያውቁም ነበር።

በ1976 ዓ.ም.፣ ወርቅ ወጣ ተብሎ ሰው ወደ ዲማ በጎረፈበት ጊዜ፣ ብቻቸውን መጥተው ወርቅ ማጠብ ጀመሩ። ከቆላ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር፣ ለሚስት ጥሎሽ የሚሰጠውን የጥንት ሰማያዊ ጨሌ፣ ዲሙይን፣ በወርቅ የሚለውጥ እንዳለ ይጠይቁ ነበር። ሽማግሌዎቹም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወርቅ በየወንዙ ይታጠባል፤ ዲሙይ ዛሬ ማን ይሠራል?» እያሉ ይስቁባቸዋል።

በ1985 ዓ.ም. ምግብ ለመሸጥ ከማጂ የመጡትን ወ/ሮ ዘነቡን አግብተው ልጃቸውን አጁሉን ወለዱ። አጁሉ ለኦማን ስትታጭ የሙሽራው ወገኖች፣ ሥጋ ዘመድ አይጋባምና፣ የአባቷን ዘር ጠየቁ። እሳቸውም፣ «ሠርጉ ሳይደርስ እነግራችኋለሁ» አሉ። ነገር ግን የሳንባ ሕመማቸው ጸንቶ፣ ሳይናገሩ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ።

አስከሬኑ ሲገነዝ ወ/ሮ ዘነቡ ባለቤታቸው በቅል ሸሽገው ያኖሩትን የዲሙይ ጉማጅ አንገታቸው ላይ ሊያስሩላቸው አወጡ። ለሠርጉ ብለው በዚያው ቀን ከፑኙዶ የደረሱት የኦማን አያት፣ ወ/ሮ አሪየት፣ «ዲሙይማ አፈር አይበላውም! ወዲህ በይው» ብለው ነጠቋቸው። ጨሌው የተሰካበትን የቀጭኔ ጭራ ጸጉር ሲዳስሱ ግን ቋጠሮውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ይሄን ያጠላለፈው አባቴ ነው። በእኔ ጥሎሽ የመጣ ነው» አሉ።

በአኙዋ ልማድ ለእህት የመጣ ዲሙይ ወንድምን ይድራል። ኦቻላ የታላቅ ወንድማቸውን የኦኳይን ጥሎሽ ይዘው ሲሻገሩ ጀልባው ጊሎ ላይ ተገለበጠ፤ ከዲሙዩ በእጃቸው የቀረው ይህ ጉማጅ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ሰምጠዋል ብሎ አለቀሰላቸው። እሳቸው ግን ወንዙ የወሰደውን ሳይተኩ ቤት ለመግባት አፍረው፣ ስማቸውን ለውጠው ዲማ የቀሩ ይመስላል።

ወ/ሮ አሪየት ወደ አስከሬኑ ዞረው የወንድማቸውን ፊት ለዩና፣ «አንተ ሞኝ! ኦኳይ እኮ በአጎታችን ዲሙይ አገባ። ማን ሌባ አለህ?» ሲሉ አለቀሱ።

አጁሉ፣ «የአባቴ ስም ታዲያ ማን ነው?» አለች።

«ኦቻላ። የወንድሜ የኦቻላ ልጅ ነሽ።»

ኦማን ቀስ ብሎ፣ «አያቴ፣ ሠርጉስ?» አለ።

«የቱ ሠርግ? እህትህ ናት እኮ፣ ልጄ። ተነስ፣ አጎትህን ተሸከም።»

አቶ ኦቻላ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እህታቸውንና በጊሎ ዳር ያሉ ብዙ ዘመዶቻቸውን ትተው አልፈዋል። እስከ ትናንት እጮኛ የነበረው ኦማን ዛሬ ከወንድ ልጅ ተራ ቆሞ የሳጥኑን ራስጌ ተሸክሟል።

የጠፋውን የሚፈልግ ጌታ፣ ነፍሳቸውን እናታቸው ባወጡላቸው ስም ጠርቶ ይቀበልልን። አሜን።