የሐያት ምሳ

ሰኞ

መጣብኝ። ያውም በረመዳን! የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም። እንደማልጾም አባባና ወንድሞቼ እንዳያውቁብኝ ሌሊት ለሱሑር አብሬያቸው ተነሥቼ በላሁ። ከዚያ በኋላ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። እናቴ በዚህ ጊዜ ጓዳ ተደብቃ ትጎርሳለች፤ እኔ ፈሪዋ ግን እሱንም አልደፈርኩም። ጾሙ አይቆጠርልኝ፣ ረሃቡ አይቀርልኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ሆዴም አብሮ ይታጠፋል። ወገቤ፣ ጭኔ፣ ሁሉም። ኮሌጅ ሳልደርስ አስመለሰኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ጾሙ ከብዷት ነው፣ አላህ ያበርታት" አሉ። አፈርኩ።

ረቡዕ የመብራት ዝርጋታ የተግባር ፈተና አለብኝ። ባለፈው በዚሁ ሕመም ቀርቼ፣ ለምኜ ያገኘሁት ድጋሚ ነው። አሁንም ከቀረሁ ዓመቱን እደግማለሁ። ያ ረቢ!

ማክሰኞ

ከትምህርት ቀረሁ። አልጋ ላይ ተጠቅልዬ ሳለሁ ሐያት ገባች። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት፤ ከሐርቡ ተድራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም።

"ምን በላሽ?"

"ምንም።"

"ሐይድ ላይ ሆነሽ? ወላሂ አንቺስ! አላህ ያወረደልሽን ሸክም መልሰሽ ትሸከሚያለሽ?"

እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ማህፀን ደሙን ለማስወጣት ሲኮማተር እንደሚያም አስረዳችኝ። ጨጓራ እንዳለብኝ ጠይቃ፣ የለብኝም ስላት ማስታገሻ ሰጠችኝ። ሕመሙ ሲጀምር ቶሎ መውሰድ፣ ባዶ ሆድ አለመዋጥ፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሆድ ላይ መያዝ፣ ትንሽ መንቀሳቀስ። ካልተሻለኝ ተመልሼ እንድመረመርም ነገረችኝ። "ሴት ሁሉ ያማታል ብለሽ ዝም እንዳትዪ" አለች። እኔ እስከ ዛሬ ያልኩት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ቤት ስንመለስ ሐያት ምሳ አቀረበችልኝ። ጓዳ አይደለም፣ ሳሎን! እሷ ራሷ ጾመኛ ሆና አጠገቤ ቁጭ አለች። ገና ሁለቴ እንደጎረስኩ አባባ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለው ሱቁ መጥቶ ገባ። ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ።

ሐያት ብድግ አለች። "አባባ፣ ልጅዎ ሐይድ ላይ ናት። በጣም ታማለች። መድኃኒቱ የሚወሰደው ደግሞ በምግብ ነው።"

ይህ ቃል በዚህ ቤት፣ በአባባ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባባ ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

"አብሽሪ፣ ብዪ" አለችኝ። ውኃ ስትቀዳልኝ ግን ግማሹን ምንጣፉ ላይ አፈሰሰችው። እሷም እንደኔው ፈርታ ነበር፤ ፈርታም ተናገረች። ምን ዓይነት ልብ ነው? ማሻ አላህ! እኔ በተወለድኩበት ቤት ያልደፈርኩትን፣ ትናንት የመጣችው ሙሽራ ደፈረችልኝ።

አባባ ማታ ሲያፈጥር ቀና ብሎ አላየኝም። ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ፣ አላወቅኩም።

ረቡዕ

ሱሑር ላይ አልተነሣሁም። የቀሰቀሰኝም የለም።

ጠዋት ሲጀማምረኝ ቁርሴን በልቼ መድኃኒቱን ዋጥኩ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ለፈተናው መሰላል ላይ መቆም ቻልኩ። ገመዱን ዘረጋሁ፣ ማብሪያውን ገጠምኩ፣ ስጫነው አምፖሉ ቦግ አለ! መምህሩ አንድ ነገር ጽፎ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ። ውጤቱ ገና ነው። ብወድቅም ቀርቼ አይደለም።

ከግቢው ስወጣ ስልኬ ጮኸ። አባባ። በዚህ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። 

"አቤት አባባ?"

ከጀርባው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። 

"ምሳሽን በላሽ?" አለኝ።