በቆጠራው ቀን የተሸኙት ርእሰ መምህርት ጤናዬ ሻረው

ርእሰ መምህርት ጤናዬ ሻረው ከአባታቸው ከአቶ ሻረው ወልደ ገብርኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም ይታያል በ1963 ዓ.ም. በዳባት አካባቢ ተወለዱ። በዳባት ተምረው፣ ጎንደር በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1984 ዓ.ም. ከደባርቅ በላይ ባለችው በዚህች መንደር ተመደቡ። ሌላው መምህር በዓመቱ ዝውውር ሲጠይቅ እሳቸው ሠላሳ አራት ዓመት ቆዩ። በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ዓለምብርሃን ፀጋው ጋር ትዳር መሥርተው ሕሊናንና እንዳለውን ወልደዋል።

የትምህርት ቤት ድጎማ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ልክ ነው። ለአንድ ልጅ የሚተመነው ብር ግማሽ ደርዘን ደብተር አይገዛም፤ ጠመኔውም የጣሪያው ቆርቆሮም ግን ከእሱ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተማሪ ቆጣሪዎች የመጡት ገብስ በሚታጨድበት ሳምንት ነበር። ከ212 ተማሪዎች የተገኙት 131 ብቻ ነበሩ። መዝገቡ ላይ ያለውን ሁሉ ተገኝቷል ብለው ይፈርሙ ብለን ርእሰ መምህርቷን ለመንናቸው። «ፊቱን ያላየሁትን ልጅ አለ ብዬ አልፈርምም» አሉ።

ድጎማው ተቀነሰ። የአምስተኛ ክፍል ጣሪያ ሳይጠገን ክረምት ገባ፤ ግድግዳው ፈረሰ፤ ክፍሉ ተዘጋ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች የሁለት ሰዓት መንገድ ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት ተላኩ። ከመካከላቸው ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከሴቶቹ አንዷም ዓመቱን አልጨረሰችም፤ ሦስቱ ወዲያው ተዳሩ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ገሠሠ በዚያ ፊርማ ተቀይሜያቸው ነበር። እሳቸው ግን የሰባቱን ስም እስከ መጨረሻው ያነሡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ሲቃረብ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን ለመኑ። አባቶችም ተስማምተው የቆጠራ ቀን ደቦ ወጥተው አጨዳውን ለብቻቸው ያዙ፤ በዚያ ቀን ልጅ ማጭድ እንዳይጨብጥ ተባለ። ክፍሉም በ2012 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ።

እኅቴ በጉበት ሕመም አንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ የዘንድሮው ቆጠራ ጥቅምት 26 መሆኑን ሲሰሙ «ቀብሬን በዚያ ቀን እንዳታደርጉት» ብለው አደራ አሉን። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬን ከአንድ ሌሊት በላይ ማሳደር በአገራችን ወግ አይደለምና አደራቸውን በላን። ይቅር ይበሉን።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን።

ዛሬ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ባዶ ናቸው። የዘንድሮዎቹ ሁለት መቶ ሦስቱም ልጆች እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ በየክፍላቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ቆጣሪውም ለቀብር መጥቶ በመካከላችን አለ። አፈር ሳይመለስ ፊታቸውን አይቶ እዚሁ ይቁጠራቸው።